ፖርታል፡ የአገልግሎት በር ታሪክ፣ ዓይነቶቹና ከበሩ በስተጀርባ ያለው ሥራ

የሐረር ጀጎል ግንብ አምስት ታሪካዊ በሮች እንዳሉት ይታወቃል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ፈላና በርና ኤረር በር ናቸው። ከእነዚህ መካከል በሐረሪ ቋንቋ አርጎብ በሪ የሚባለው ኤረር በር በከተማዋ ምሥራቃዊ አቅጣጫ የሚገኝ ሲሆን፣ ከኤረር ሸለቆ የሚመጡ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ለዘመናት ወደ ከተማዋ ሲገቡበት ኖረዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ በጥር ወር 1855 ወደ ሐረር የዘለቀው በዚሁ አቅጣጫ ባለው በር ሲሆን፣ ከበሩ ላይ ቆሞ የአሚሩን ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዘመን በሮቹ ሌሊቱን ተዘግተው ያድሩ እንደነበርም ተመዝግቧል።

በኢንተርኔት ዓለም «ፖርታል» የሚለው ቃልም የመጣው «በር» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። ስያሜው እንዲሁ ለማሳመር የተሰጠ አይደለም። በር ሦስት ተግባራት አሉት፤ ከብዙ አቅጣጫ የሚመጣውን ሰው በአንድ ቦታ ይቀበላል፣ የሚገባውን ሰው ማንነት ይለያል፣ ወደሚፈልገው ቦታም ያደርሳል። አንድ ፖርታል ከተራ መካነ ድር የሚለየው እነዚህን ሦስት ተግባራት አጣምሮ በመያዙ ነው። ይሁንና በሩ ምንም ያህል ቢያምር ከበስተጀርባው የሚሠራ ከተማ ከሌለ የግንብ ላይ ቀዳዳ ከመሆን አያልፍም። በአገራችን የመንግሥት አገልግሎት ወደ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ እየተሸጋገረ ባለበት በአሁኑ ወቅት የፖርታልን ታሪክ፣ ዓይነቶችና አሠራር መረዳት ለቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ ኃላፊዎችንና ሠራተኞችን ሁሉ ይመለከታል።

ፖርታል ሲባል ምን ማለት ነው?

መካነ ድር አንድ ድርጅት ወይም ግለሰብ ስለራሱ የሚገልጽበት የገጾች ስብስብ ነው። ፖርታል ግን ከብዙ ምንጮች የተገኘ መረጃና አገልግሎት በአንድ መግቢያ፣ በአንድ ሥርዓትና በአንድ ገጽታ የሚቀርብበት ነው። ለምሳሌ የአንድ ቢሮ ተልዕኮና ራዕይ፣ የኃላፊዎቹ ፎቶግራፍና የስልክ ቁጥር የሚገኝበት ገጽ መካነ ድር ይባላል። አንድ ዜጋ በአንድ የይለፍ ቃል ገብቶ የንግድ ፈቃዱን የሚያድስበት፣ ግብሩን የሚከፍልበትና ማመልከቻው የት እንደደረሰ የሚከታተልበት ገጽ ደግሞ ፖርታል ነው።

ከዚህ በመነሣት አንድ ፖርታል አምስት መሠረታዊ ክፍሎች እንዳሉት መግለጽ ይቻላል። የመጀመሪያው መረጃን በየፈርጁ የሚያስቀምጥ ማውጫ ነው። ሁለተኛው መፈለጊያ ነው። ሦስተኛው የተጠቃሚውን ማንነት የሚያረጋግጥ መለያ ሲሆን፣ አራተኛው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚስማማውን ገጽ የማቅረብ ችሎታ ነው። አምስተኛውና ዋነኛው ደግሞ በተለያዩ ተቋማት የሚገኙ የመረጃ ቋቶችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ለተጠቃሚው ዓይን የሚታዩ ሲሆኑ አምስተኛው ግን አይታይም። ብዙ ፖርታሎች ተመርቀው ብዙም ሳይቆዩ አገልግሎት የማይሰጡ የሚሆኑትም በዚህ በማይታየው ክፍል ጉድለት ምክንያት ነው።

አጀማመርና ዕድገት

የዓለም አቀፉ ድር መሥራች ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን በስዊዘርላንድ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ በ1989 ካቀረበ በኋላ የመካነ ድሮች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት አደገ። በዚያን ጊዜ የነበረው ችግር የመረጃ እጥረት ሳይሆን የት እንዳለ አለማወቅ ነበር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ እ.ኤ.አ በ1994 መጀመሪያ ላይ የሚወዷቸውን ገጾች በየርዕሳቸው በመዘርዘር ማውጫ አዘጋጁ። ይህ ማውጫ በዚያው ዓመት ያሁ የሚል ስያሜ ተሰጠው፣ እ.ኤ.አ በ1995 ደግሞ በኩባንያነት ተቋቋመ። ላይኮስ፣ ኤክሳይትና አልታቪስታም በዚሁ ዘመን የተፈጠሩ ናቸው።

ማውጫ ወደ ፖርታልነት የተሸጋገረው ኩባንያዎቹ ገጻቸውን የሚጎበኘው ሰው ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሄድባቸው በመፈለጋቸው ነበር። በመሆኑም በማውጫው ላይ ዜና፣ የአየር ሁኔታ፣ የገበያ ዋጋ፣ ነጻ የኢሜይል አገልግሎትና ጨዋታ ጨመሩበት። እ.ኤ.አ በ1996 የተጀመረው «ማይ ያሁ» ተጠቃሚው የገጹን ይዘት ለራሱ እንዲመርጥ በማድረግ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ተሰለፈ። አሜሪካ ኦንላይን በበኩሉ ደንበኞቹን በራሱ ይዘት ከብቦ ያስተናግድ ስለነበር አሠራሩ በአጥር የተከለለ የአትክልት ቦታ ተብሎ ይጠራ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው እምነት ሰዎች ወደ ኢንተርኔት ሲገቡ መጀመሪያ የሚከፍቱትን ገጽ የያዘ ኩባንያ ገበያውን ሁሉ ይይዛል የሚል ነበር።

ይህ እምነት ብዙ ገንዘብ አስወጣ። አት ሆም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1999 ኤክሳይትን 6.7 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ዋጋ ቢገዛም የተዋሐደው ድርጅት እ.ኤ.አ በ2001 ለኪሳራ ተዳረገ። ላይኮስ እ.ኤ.አ በ2000 በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለስፔኑ ቴራ ኔትወርክስ የተሸጠ ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ለኮሪያው ዳውም የተላለፈው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች በሆነ ዋጋ ነበር። ያሁ እ.ኤ.አ በ2008 ከማይክሮሶፍት የቀረበለትን የ44.6 ቢሊዮን ዶላር የግዥ ጥያቄ ሳይቀበል ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ በ2017 ዋናው የኢንተርኔት ሥራው በ4.48 ቢሊዮን ዶላር ለቬራይዘን ተሸጠ። የመጀመሪያው ማውጫም እ.ኤ.አ በ2014 መጨረሻ ላይ ተዘግቷል።

መንገዱ በሩን ሲያልፈው

የእነዚህ ኩባንያዎች መዳከም ምክንያት በሐረር ታሪክ ውስጥ በሚገኝ አንድ ክስተት በሚገባ ሊገለጽ ይችላል። ሐረር ለረጅም ዘመናት ከባሕር ዳርቻ የሚመጡና ወደዚያው የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች ማዕከል ነበረች። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ግን ወደ ሐረር ተራራማ ቦታ መውጣቱ ከባድና ወጪውም ከፍተኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ድሬዳዋ ላይ ደረሰ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የንግዱ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ወደ አዲሲቱ ከተማ አዘነበለ። የጀጎል በሮች አልፈረሱም፤ የተለወጠው መንገዱ ነበር።

በኢንተርኔትም የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ በ1998 የተመሠረተው ጉግል ተጠቃሚውን በራሱ ገጽ ላይ ከማቆየት ይልቅ ወደሚፈልገው ቦታ በፍጥነት መላክን መረጠ። በኋላም ዘመናዊ ስልኮች ሲስፋፉ ሰዎች ወደ አገልግሎቱ በመተግበሪያ በኩል በቀጥታ መግባት ጀመሩ። ተጠቃሚውን ለማቆየት ሲሉ በርካታ ነገሮችን በአንድ ገጽ ያከማቹት ፖርታሎችም ተመልካች አጡ።

ይህ ማለት ግን ፖርታል ጊዜው አልፎበታል ማለት አይደለም። በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ በ1999 የተቋቋመው ኔቨር የአገሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ የሚፈልገውን፣ በሌላ ቦታ ግን የማያገኘውን ይዘት በማቅረቡ እስካሁን ጠንካራ ሆኖ ዘልቋል። ተጠቃሚዎች እርስ በርስ ጥያቄ የሚጠይቁበትና መልስ የሚሰጡበት የእውቀት ክፍሉ እ.ኤ.አ በ2002 የተጀመረ ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው አንድ ፖርታል የሚዘልቀው ከእርሱ ውጭ የማይገኝ አገልግሎት ሲኖረው መሆኑን ነው። የመንግሥት አገልግሎት ደግሞ በባሕርይው ከመንግሥት ውጭ የማይገኝ በመሆኑ፣ የንግድ ፖርታሎች ሲዳከሙ የመንግሥት ፖርታሎች እየተጠናከሩ መጥተዋል።

የፖርታል ዓይነቶች

ፖርታሎች ከሚሰጡት አገልግሎትና ከሚያስተናግዱት ተጠቃሚ አንፃር በሚከተሉት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላሉ።

አንደኛው ሁሉን አቀፍ ፖርታል ነው። እንደ ያሁና ኤም ኤስ ኤን ያሉት ለማንኛውም ሰው ስለማንኛውም ጉዳይ መረጃ የሚያቀርቡ ናቸው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸውና የአገር ቤት ዜናን፣ ማስታወቂያንና ሙዚቃን በአንድ ገጽ የሚያሰባስቡት እንደ ናዝሬት ዶት ኮም ያሉ ገጾችም ከዚህ ዓይነት የሚመደቡ ነበሩ።

ሁለተኛው በአንድ ዘርፍ ላይ የሚያተኩር ፖርታል ነው። በጤና፣ በግብርና፣ በትምህርት፣ በቱሪዝም ወይም በንግድ ዘርፍ ብቻ የተሟላ መረጃና አገልግሎት ይሰጣል። ስፋቱ ጠባብ፣ ጥልቀቱ ግን ከፍተኛ ነው።

ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት የውስጥ ፖርታል ነው። ለውጭ ተጠቃሚ ክፍት ሳይሆን ሠራተኞች መመሪያዎችን፣ ቅጾችን፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችንና የዕለት ተዕለት የሥራ ሂደቶችን የሚያገኙበት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ የሚሆን ፖርታል ከማዘጋጀታቸው በፊት ይህን ቢያስቀድሙ ይጠቀማሉ። ሠራተኛው ራሱ በቀላሉ ያላገኘውን መመሪያ ለባለጉዳይ ሊያቀርብ አይችልምና።

አራተኛው የመንግሥት አገልግሎት ፖርታል ነው። ይህም በሦስት ይከፈላል፤ መንግሥት ለዜጋው፣ መንግሥት ለንግዱ ማኅበረሰብ፣ የመንግሥት ተቋም ለሌላ የመንግሥት ተቋም የሚሰጡት አገልግሎት ነው። የመጨረሻው በሕዝብ ዘንድ ባይታወቅም የሁለቱ መሠረት እርሱ ነው።

አምስተኛው የመረጃ ፖርታል ነው። ስታቲስቲክስን፣ ካርታዎችን፣ አዋጆችንና የበጀት ሰነዶችን ለተመራማሪና ለማንኛውም ፈላጊ ያቀርባል።

የመንግሥት ፖርታሎች የዕድገት ደረጃዎች

ሲንጋፖር «ኢ ሲቲዝን» የተባለውን ፖርታል እ.ኤ.አ በ1999 በመክፈት በዘርፉ ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ሆነች። አሜሪካ የፌዴራል መንግሥቱን መረጃ በአንድ መግቢያ የሚያቀርበውን «ፈርስት ጎቭ» እ.ኤ.አ በመስከረም 2000 ጀመረች። እንግሊዝ በበኩሏ «ዳይሬክት ጎቭ» የተባለውን እ.ኤ.አ በ2004 ካቋቋመች በኋላ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2012 «ጎቭ ዶት ዩኬ» በሚባለው ተካችው። የመጨረሻው ለውጥ ዓላማ አዲስ ገጽ መጨመር አልነበረም። ሚኒስቴሮችና ኤጀንሲዎች በየግላቸው ያቋቋሟቸውን በርካታ መካነ ድሮች በመዝጋት ወደ አንድ ማሰባሰብ፣ ይዘቱንም በመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት ሳይሆን ዜጋው በሚጠይቀው ጥያቄ መሠረት ማዘጋጀት ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ በ2001 ባካሄደው ጥናት የመንግሥታትን የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት በአምስት ደረጃዎች መድቦታል። በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ቋሚ መረጃዎች ብቻ ይገኛሉ። በሁለተኛው መረጃው ይበዛል፣ በየጊዜውም ይታደሳል። በሦስተኛው ተጠቃሚው ቅጾችን ማውረድና ኃላፊዎችን በኢሜይል ማግኘት ይችላል። በአራተኛው ክፍያን ጨምሮ ሙሉ ጉዳዩን በኢንተርኔት ይጨርሳል። በአምስተኛው ደረጃ በተቋማት መካከል ያለው ድንበር ለተጠቃሚው ሳይታይ አገልግሎቱ እንደ አንድ ሆኖ ይቀርባል።

ከሦስተኛው ወደ አራተኛው፣ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው የሚደረገው ሽግግር ከቀዳሚዎቹ የተለየ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሊያከናውናቸው ይችላል። የቀሩት ሁለቱ ግን ሕግ፣ የክፍያ ሥርዓት፣ የማንነት ማረጋገጫና የተቋማት ስምምነት ይጠይቃሉ። ኢስቶኒያ በዚህ ረገድ በአርአያነት የምትጠቀሰው የመረጃ ቋቶችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ኤክስ ሮድ የተባለ ሥርዓት እ.ኤ.አ በ2001 ሥራ ላይ በማዋሏ ነው። በዚያች አገር አሠራር መሠረት አንድ የመንግሥት ተቋም የያዘውን መረጃ ሌላው ተቋም ከዜጋው እንደ አዲስ መጠየቅ አይኖርበትም። ከአፍሪካም ኬንያ እ.ኤ.አ በ2014፣ ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2015 የየራሳቸውን የአገልግሎት ፖርታል ጀምረዋል።

በአገራችን የተደረገው ጉዞ

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ መሰጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም በቀድሞው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ አስተዳደሮችን የሚያገናኘው ወረዳ ኔት የተዘረጋ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቶች ከርቀት በምስል ስብሰባ እንዲያካሂዱ አስችሏል። በዚያ ዘመን የተከፈቱት አብዛኞቹ የመንግሥት መካነ ድሮች በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደረጃ ላይ የሚመደቡ ነበሩ።

በ2003 ዓ.ም የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በአዋጅ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ስትራቴጂ 219 አገልግሎቶችን ለመስጠት ያቀደ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 79ኙ መረጃ የሚሰጡ፣ 140ዎቹ ደግሞ ጉዳይ የሚፈጸምባቸው ነበሩ። ስትራቴጂው አገልግሎቱ በአራት መንገዶች ማለትም በፖርታል፣ በጥሪ ማዕከል፣ በሞባይል ስልክና በጋራ የአገልግሎት ማዕከላት እንዲደርስ አመልክቷል። ይህ ድንጋጌ አርቆ አሳቢነት ያለበት ነበር። ፖርታሉ ብቸኛው በር እንደማይሆን፣ ኮምፒዩተር የሌለው ዜጋም መግቢያ እንደሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ተቀብሏልና።

ከዚያ ወዲህ የሕግ ማዕቀፉ ደረጃ በደረጃ ተሟልቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በቅደም ተከተል ወጥተዋል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን አጽድቋል። የእነዚህ ሕጎች ፋይዳ በቀላሉ ሊገለጽ ይችላል። በኮምፒዩተር የተላከ ማመልከቻ በወረቀት ከቀረበው እኩል ተቀባይነት ከሌለው፣ አመልካቹም ማን እንደሆነ ከርቀት ማረጋገጥ ካልተቻለ ፖርታሉ ባለጉዳዩን መልሶ ወደ ቢሮ ከመላክ ሌላ አማራጭ አይኖረውም።

በተግባር ረገድም ለውጭ አገር ጎብኚዎች የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ተጀምሯል። በ2012 ዓ.ም አስመጪዎችና ላኪዎች ከጉምሩክና ከተለያዩ ተቆጣጣሪ ተቋማት የሚፈልጉትን ፈቃድ በአንድ መግቢያ የሚጠይቁበት የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሥራ ላይ ውሏል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ የፓስፖርት ማመልከቻና ሌሎች አገልግሎቶችም በኢንተርኔት መሰጠት ጀምረዋል። በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተመርቆ የልዩ ልዩ ተቋማት አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር መሰጠት ጀመሩ። መሶብ የሚለው ስያሜ ከአንድ ማዕድ በጋራ መቁረስን የሚያመለክት በመሆኑ የፖርታልን ሐሳብ በአገርኛ አነጋገር በሚገባ ይገልጸዋል።

ፊደልና ቋንቋ

የበሩ ስፋት ብቻ ሳይሆን በበሩ ላይ የሚነገረው ቋንቋም ማን እንደሚገባ ይወስናል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጅ ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ገጾች በምስል መልክ ይለጠፉ ወይም አንባቢው በቅድሚያ የተለየ የፊደል ቅርጽ እንዲጭን ይጠየቅ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ በመፈለጊያ ሊገኝ አይችልም። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ በ2007 ኒያላ ከተባለ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ጋር መቅረቡ ችግሩን በእጅጉ አቃለለው።

ዛሬ ቴክኒካዊው እንቅፋት ተወግዷል ማለት ይቻላል። ሆኖም አዋጅንና መመሪያን በወረቀት አትሞ፣ ማኅተም መትቶና በስካነር አንሥቶ በምስል የመለጠፍ ልማድ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይታያል። ሰነዱ እንደወጣ ይቆጠራል እንጂ አንድ ዜጋ በውስጡ ያለውን ቃል ቢፈልግ በቀላሉ አያገኘውም። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ስለአሠራራቸውና ስለሚሰጧቸው አገልግሎቶች መረጃ እንዲያወጡ ግዴታ ጥሎባቸዋል። የዚህ ግዴታ መንፈስ የሚሟላው መረጃው ሊፈለግና ሊነበብ በሚችል መልክ ሲቀርብ ነው።

በሐረሪ ክልል ጉዳዩ ተጨማሪ ትኩረት ይጠይቃል። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ሲሆኑ አማርኛም በከተማዋ በስፋት ይነገራል። በግዕዝና በላቲን ፊደላት የሚጻፉ ቋንቋዎችን በእኩል ደረጃ የሚያስተናግድ ፖርታል ማዘጋጀት ከትርጉም በላይ የሆነ ሥራ ነው። የሰዎችና የቦታዎች ስም በሁለቱም ፊደላት አንድ ሰው ወይም አንድ ቦታ መሆኑ መታወቅ አለበት። ኤረር በርና አርጎብ በሪ አንድ በር መሆናቸውን ሐረሪው፣ ኦሮሞውና አማራው ነዋሪ ያውቃል፤ የመረጃ ቋቱ ግን ካልተነገረው አያውቅም።

ከበሩ በስተጀርባ

ሐሳቡን ግልጽ ለማድረግ አንድ የኤረር ወረዳ ነዋሪ ገበሬን በምሳሌነት እንውሰድ። ኤረር ከክልሉ ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ይህ ገበሬ አንድ ማስረጃ ለማግኘት ወደ ከተማ ሲመጣ የመጀመሪያው ቢሮ ከቀበሌ ደብዳቤ እንዲያመጣ ይነግረዋል። ደብዳቤውን ይዞ ሲመለስ ሁለተኛው ቢሮ የመታወቂያ ቅጂ ይጠይቀዋል። ሦስተኛው ቢሮ ሲደርስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። ገበሬው ያጣው ሦስት ቀን ነው። በእርሻ ወቅት የሦስት ቀን ሥራ ማለት ከዓመት ምርት ላይ የሚቀነስ ነው።

አሁን ይህ አገልግሎት በፖርታል ይሰጣል እንበል። ፖርታሉ ቅጹን ብቻ ቢያቀርብና ተሞልቶ ታትሞ ከቀበሌ ደብዳቤ ጋር በአካል እንዲቀርብ ቢያዝ ገበሬው የሚያጣው ቀን አይቀንስም። እንዲያውም የቅጹን ማተሚያ ዋጋ ይጨምርበታል። የቀበሌው መዝገብ ከወረዳው፣ የወረዳው ከቢሮው ጋር ተገናኝቶ ማንነቱ በዲጂታል መታወቂያው ከተረጋገጠ ግን ደብዳቤው አያስፈልግም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኮምፒዩተር አይደለም። ሦስቱ ቢሮዎች የአንዱን ማረጋገጫ ሌላው እንዲቀበል መስማማታቸው ነው።

በመሆኑም ወደ ፖርታል ከመግባቱ በፊት መጠናት ያለበት የአሠራር ሂደቱ ነው። የማያስፈልግ ፊርማና ደብዳቤ ያለበት ሂደት ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የማያስፈልገው ፊርማ በኮምፒዩተር የሚጠየቅ ፊርማ ይሆናል። ሂደቱን አስቀድሞ ማሳጠር የሥራ ክፍሉ ድርሻ እንጂ የሶፍትዌር አዘጋጁ አይደለም።

በሌላ በኩል ብዙ መረጃ በአንድ በር ሲያልፍ ጥበቃው መጠናከር እንዳለበት መዘንጋት አይገባም። በየቢሮው ተበታትኖ የነበረ መዝገብ በአንድ መግቢያ ሲገናኝ አንድ የተሰረቀ የይለፍ ቃል የሚያደርሰው ጉዳት የከፋ ይሆናል። የይለፍ ቃልን ለሥራ ባልደረባ ማዋስ በብዙ ቢሮዎች እንደ መረዳዳት ይቆጠራል። በፖርታል አሠራር ግን ማን ምን እንደፈጸመ የሚታወቅበትን ማስረጃ ያጠፋል፤ ተጠያቂነቱም ስሙ በመዝገብ ላይ በሰፈረው ሠራተኛ ላይ ይወድቃል።

እንዲሁም ዘመናዊ ስልክ የሌለው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም የኔትወርክ ሽፋን በሌለበት አካባቢ የሚኖር ዜጋ ከአገልግሎት ውጭ መሆን የለበትም። ለእርሱ ፖርታሉን የሚከፍትለት በማዕከሉ ወይም በቀበሌው የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። በዚህ ረገድ የመንግሥት ሠራተኛው ሚና ከበር ጠባቂነት ወደ አስገቢነት ይለወጣል።

ለመሥሪያ ቤቶች የሚሆኑ መመዘኛዎች

አንድ መሥሪያ ቤት ፖርታል ለመክፈት ሲያስብ ወይም የከፈተውን ሲገመግም የሚከተሉትን ነጥቦች ማየት ይጠቅመዋል።

ከሁሉ በፊት አገልግሎቱ የተዘረዘረው በዜጋው ጥያቄ መሠረት ነው ወይስ በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ሂደቶች ስም? ልጅ የተወለደለት ሰው «የልደት ማስረጃ» ብሎ ይፈልጋል እንጂ ጉዳዩ የየትኛው ዳይሬክቶሬት እንደሆነ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም።

ቀጥሎ፣ በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ ከዜጋው በድጋሚ ይጠየቃል ወይ? የሚጠየቅ ከሆነ መረጃውን ከያዘው ተቋም ጋር ስምምነት መፈጸም ገጹን ከማሳመር ይቀድማል።

ለእያንዳንዱ ገጽ በስም የሚታወቅ ኃላፊ አለው ወይ? የአገልግሎት ክፍያው ተለውጦ ገጹ የቀድሞውን ዋጋ የሚያሳይ ከሆነ ባለጉዳዩ ከቀጣዩ ቀን ጀምሮ ገጹን ማመን ያቆማል። መረጃውን ማደስ በሥራ ዝርዝር ውስጥ ካልተካተተ ማንም አያድሰውም።

ማመልከቻ ያስገባ ሰው ጉዳዩ የት እንደደረሰ፣ መቼ እንደሚያልቅና ካልተሳካም ምክንያቱን ማየት ይችላል ወይ? ይህን ማወቅ ካልቻለ በአካል መምጣቱ አይቀርም።

በመጨረሻም ውጤቱ የሚለካው በምንድን ነው? የጎብኚዎች ብዛት የመጀመሪያዎቹ የንግድ ፖርታሎች መለኪያ ነበር፤ ለውድቀታቸውም አንድ ምክንያት ሆኗል። ለመንግሥት አገልግሎት ተገቢው መለኪያ ስንት ሰው ገጹን ከፈተ የሚለው ሳይሆን ስንት ሰው ወደ ቢሮ ሳይመላለስ ጉዳዩን ጨረሰ የሚለው ነው። ይህ አኃዝ በየወሩ ተመዝግቦ ለአመራሩ ቢቀርብ ፖርታሉ የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ ባለጉዳዩን እንደሚመልስ በግልጽ ያሳያል፤ ማስተካከያውንም ከየትኛው ቢሮ መጀመር እንደሚገባ ይጠቁማል።